ሀዲል የተቃጠለችበት ሰዓት

የሪፈር ወረቀቱ እንደሚለው ልጅቷ የተቃጠለችው በስምንት ሰዓት ነው። የእናቷ አጎት ሐምዳን እንደሚለው ግን በሁለት ሰዓት ነው። ወረቀቱን የሞላው በድንበሩ ላይ በሸራ ድንኳን ውስጥ የሚሠራ፣ ከንጋት ጀምሮ መቶ ሰው ያየ የጤና ባለሙያ ነው፤ ከሥሩ ፈርሞበታል፣ ክብ ማኅተምም አርፎበታል። ሐምዳን ፊርማም ማኅተምም የለውም። እሱ ወላሂ ብሎ ምሏል።

አምቡላንሱ የኩርሙክን ገበያ ወደኋላ ጥሎ በጭቃው ላይ እየተንሸራተተ ወደ ሆሞሻ ሲወጣ፣ ነርስ ምንይችል ወረቀቱን ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ እነዚህን ሁለት ቃሎች ያመዛዝን ነበር። ወሩ ሐምሌ፣ ዓመቱ 2016 ነው። የሱዳን ጦርነት ሁለተኛ ክረምቱን ይዟል፤ ከማዶ ያለው ሰው የቻለውን ተሸክሞ ወደ ኩርሙክ ይሻገራል። የወረዳው አንድ አምቡላንስ በዚያ ወር ወላድም፣ ጥይት ያገኘውም፣ ወባ የጣለውም ጭኗል። የተቃጠለ ሕፃን ግን ለምንይችል የመጀመሪያው ነበር። በኮሌጅ ሳለ አይቷል፤ ያኔ ከፊቱ ሐኪም ነበረ፣ እሱ ከኋላ ቆሞ ማስታወሻ ይይዝ ነበር። ዛሬ ከፊቱ ማንም የለም።

ልጅቷ ሀዲል ትባላለች። ሦስት ዓመቷ ነው። ከደረቷ እስከ ጉልበቷ የፈላ የማሽላ ገንፎ ተደፍቶባታል። ውሃ ቢሆን ወርዶ ያልፍ ነበር፤ ገንፎ ይጣበቃል፣ ሙቀቱንም ይዞ ይቆያል። ምንይችል ከመነሳታቸው በፊት ሰው የቀባትን የሰሊጥ ዘይትና ዱቄት አጥቦ አስለቅቆ፣ በራሷ መዳፍ ለክቷታል። የሕፃን መዳፍ ከነጣቶቹ ከገላው መቶ እጅ አንዱ ነው። ትንሿን እጅ ሳይነካ በዓይኑ እያስቀመጠ ቁስሉ ላይ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያለ ሄደ። ሃያ አራት ላይ ቆመ። ከዚያ በቫዝሊን ጎዝ ሸፍኖ፣ በብርድ ልብስ ጠቅልሎ፣ በግራ እጇ ላይ የደም ሥር አግኝቶ መርፌ አስገባና የሪንገር ፈሳሹን ከረጢት ጣሪያው ላይ ሰቀለ። መርፌው በአንድ ሙከራ መግባቱ ያን ቀን ያገኘው ብቸኛ ዕድል ነበር።

ስልኩ ከኮረብታው ላይ አንድ መስመር ኔትወርክ ሲያገኝ ደወለ። ልጅቷን በሚወስዱበት አሶሳ ሆስፒታል ያለችው ዶክተር እየሩስ ወዲያው አነሳች።

«ክብደቷ?»

«አሥራ ሁለት ኪሎ ገምቻለሁ፣ ዶክተር። ሃያ አራት ፐርሰንት።»

«ጎበዝ። ስንት ሰዓት ሆናት?»

«ወረቀቱ ስምንት ሰዓት ይላል። ቤተሰቦቿ ሁለት ይላሉ።»

«የቱ ነው?»

«እያጣራሁ ነው።»

«ምንይችል፣ ስማኝ። ቆጠራው እናንተ ከደረሳችሁባት አይጀምርም፤ ከተቃጠለችበት ደቂቃ ነው የሚጀምረው። አንድ ሰዓት ተኩል ከሆናት በዝግታ፣ በጠብታ። ከጠዋት ከሆነ ግን እስካሁን አልቆባታልና ...»

ድምፁ ተቆረጠ። ደጋግሞ ደወለ። መስመሯ ከስልኩ ጠፍታለች።

ምንይችል ሰዓቱን አየ፤ ዘጠኝ ተኩል። ወረቀቱን ገልብጦ ሒሳቡን ሠራ። ከተቃጠለች በኋላ ባሉት ስምንት ሰዓታት ውስጥ አራት መቶ ሠላሳ ሚሊ ገደማ ፈሳሽ መግባት አለበት። ልጅቷ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ከተቃጠለች እስከ ሌሊቱ አራት ሰዓት ጊዜ አለ፤ አሁን እንደሚንጠባጠበው ይንጠባጠብ። ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ከሆነ ግን የቀረው ግማሽ ሰዓት ነው፤ እሷም ሰባት ሰዓት ተኩል ሙሉ ከዚህች ጠብታ በቀር ምንም ሳታገኝ ቆይታለች ማለት ነው። ሳያስፈልጋት በችኮላ ቢያስገባባት ውሃው ሳንባዋ ላይ ይተኛል። ኮሌጅ ሳለ አንድ ሕፃን በአፉ አረፋ ሲደፍቅ አይቷል፤ ፊቱን አልረሳውም። እያስፈለጋት ቢያዘገይባት ደግሞ ደሟ ጎድሎ ልቧ ባዶውን ይመታል።

«ሐጂ» አለ ወደ ሐምዳን ዞሮ። ሐምዳን በኩርሙክ ሰሊጥና ጨርቅ የሚነግድ፣ የሃምሳ ዓመት ሰው ነው። መካ አልሄደም፤ ግን ገበያው ሁሉ ሐጂ ይለዋል፣ እሱም መከልከሉን ከተወ ቆይቷል። «ሁለት ሰዓት ያሉኝ የጠዋቱን ነው?»

«ሁለት ሰዓት ነው፣ ያ ዶክቶር። ሁለት። ወላሂ።»

«ገባኝ። የጠዋት ሁለት ነው የከሰዓት?»

ሐምዳን ራሱን ነቀነቀ። «እኔ የለም ነበር። እኔ ሱቅ ነበር። ሰው ደወለ፣ ልጅ ተቃጠለ አለ፣ ሁለት ሰዓት አለ።»

«በምን ቋንቋ ነው የነገረዎ?»

«በሁሉም።»

ከፊት መሪውን የያዘው ደባልቄ ሳቁን ማፈን አቃተው። ደባልቄ አባቱ በሰባ ሰባት ከወሎ ሲሰፍሩ በጀርባቸው አዝለውት የመጡ ሰው ነው፤ አርባ ዓመት አሶሳ ኖሮም የወሎ አነጋገሩን አልጣለም። «ኧረ ሐጂ! በሁሉም ብሎ ነገር አለ እንዴ?»

«አንተ ሳቅ» አለ ሐምዳን ተቆጥቶ። «እኛ ገበያ እንደዚህ ነው። ግማሽ ሩጣና፣ ግማሽ ዐረቢ፣ ግማሽ አማርኛ።»

«ሦስት ግማሽ ሆነብህ እኮ!»

ምንይችል አልሳቀም። የሆነው ነገር ቀስ እያለ ይታየው ጀመር። ሱዳኖች ሰዓታቸውን ከእኩለ ሌሊት ይቆጥራሉ፤ የእነሱ ስምንት የእኛ የጠዋት ሁለት ነው። የእነሱ የቀን ሁለት ደግሞ የእኛ ስምንት ነው። እናቲቱ በዐረብኛ «ስምንት» ብላ ከሆነ፣ የድንኳኑ ባለሙያም እንደሰማው ጽፎት ከሆነ፣ ሐምዳንም በአማርኛ «ሁለት» ተብሎ ከሆነ፣ ጠዋት ነው። ባለሙያው በእኛ አቆጣጠር ስምንት ብሎ ጽፎ፣ ሐምዳን በዐረብኛ «ሁለት» ተብሎ ከሆነ ግን ከሰዓት በኋላ ነው። ማንም አልዋሸም። ወረቀቱና ሐምዳን የሚናገሩት ስለ አንድ ሰዓት ነው፤ የትኛው እንደሆነ ግን ሁለቱም አይናገሩም።

«ሰዓቱን ከሷ በቀር የሚያውቅ የለም» አለ።

እሷ ነዕማ ናት፣ የሀዲል እናት። ከተሻገረች ዘጠኝ ቀኗ ነው። ከተሳፈሩ ጀምሮ አንድ ቃል አልወጣትም። ሃያ ሁለት ዓመት ቢሆናት ነው፤ ከራሷ ጀምሮ የተጠቀለለችበት ብርቱካናማ ቶቧ ደረቷ ላይ በደረቀ ገንፎ ተበላሽቷል፤ ዓይኗን ከብርድ ልብሱ ላይ አታነሳም። አማርኛ አታውቅም። ሐምዳን ከድንበሩ ግራና ቀኝ በሚነገረው በሩጣና አናገራት። አልመለሰችም። በዐረብኛ አናገራት። ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ፤ ድምፅ ግን የለም።

«እሱ አይናገርም» አለ ሐምዳን። «ፈራ።»

«ሐጂ ሴቱንም ወንዱንም እሱ ነው የሚሉት» አለ ደባልቄ በመስታወቱ እያየ፤ ወዲያው ግን የነዕማን ፊት አይቶ ቀልዱን ዋጠ። «አይዞሽ በሏት» አለ ዝቅ ብሎ።

ምንይችልም ፈርቷል። እናቲቱን ሲያይ ያደረበትን ነገር ለራሱ ሊደብቅ አልፈለገም፤ ትደብቃለች ብሎ ጠርጥሯታል። ትምህርት ቤት የተነገረው ነው፤ የሕፃን ቃጠሎ ሲመጣ፣ የሚነገረውም ሲጋጭ፣ ልጁን ማን እንደጎዳው ጠይቅ። አሁን ግን ግጭቱ የሰዓት እንጂ የሰው እንዳልሆነ አይቷል። ዝምታዋን ግን ምን ይበለው?

ሀዲል ዓይኗን ገለጠች። «ሞያ» አለች፣ ከትንፋሽ ባልበለጠ ድምፅ።

ውሃ ማለቷ ነው። ስደተኞቹ የመጡ ሰሞን ደባልቄ እነዚህ ሰዎች ምን ዓይነት ሙያ ነው የሚጠይቁት እያለ ሁሉን ያስቅ ነበር። አሁን ማንም አልሳቀም። ምንይችል ከንፈሯን በእርጥብ ጎዝ ነካካላት፤ መጥባት ሞክራ አቃታት። ከመነሳታቸው በፊት፣ ቁስሏን ሲያጥብ፣ ከሕመሙ ነቅታ ትጮህ ነበር። መጮኋ ይሻለው ነበር።

የአውራ ጣቷን ጥፍር ተጭኖ ለቀቀና ቆጠረ። ቅላቱ በሁለት ሴኮንድ መመለስ ነበረበት። በአምስት ተመለሰ። እጇ እስከ ክርኗ ቀዝቅዟል። ከሥሯ ያለውን ጨርቅ ዳሰሰ፤ ደረቅ ነው፣ አልሸናችም። ይህ ሁሉ ጠዋት ነው ይላል። ግን ሕመምም ጣት ያቀዘቅዛል፤ ከተከፈተው መስኮት የሚገባው የዝናብ ነፋስም ያቀዘቅዛል። ተነስቶ መስኮቱን ዘጋ። ቆጠራው ላይ እርግጠኛ ቢሆን ሌላም የሚያደርገው ነበረ፤ የተቃጠለ ገላ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ሰዓታት ውስጥ ንጹሕ ውሃ ሃያ ደቂቃ ቢፈስበት ጉዳቱ ይቀንሳል። ከዚያ ወዲያ ውሃው ብርድ ብቻ ነው። ሁለቱም ሕክምና በዚያች አንዲት ቁጥር ተቆልፏል።

«ፀሐይ የት ነበረች ብለው ይጠይቋት» አለ።

ሐምዳን ጠየቃት። ነዕማ ራሷን ነቀነቀች። ሐምዳን ወደ መስኮቱ ጠቆመ፤ ሰማዩ ከዳር እስከ ዳር ግራጫ ነው። «ዛሬ ፀሐይ የለም። ሦስት ቀን ፀሐይ የለም።»

አምቡላንሱ ጉድጓድ ገብቶ ዘለለ። ምንይችል ሳያስበው በሁለት ክንዱ ልጅቷን ከለላት። ነዕማ ቀና ብላ ክንዱን አየች፣ ከዚያ ፊቱን። ከተሳፈሩ ለመጀመሪያ ጊዜ ነበር።

«አያ ምንይችል» አለ ደባልቄ ከፊት። «የሰው ሰዓት ምን ያደርግልሃል። የሰላቱን፣ የጸሎቱን ሰዓት ጠይቃት እንጂ። እናቴ ሰዓት አታውቅም ነበር፤ ልጆቿን ሁላችንን ግን በሱብሒና በዙህር መካከል፣ በዙህርና በዐስር መካከል እያለች የተወለድንበትን ትነግረን ነበር። ሱብሒ ንጋት ነው፤ ዙህር ሱዳንም ቀትር ነው፣ ወሎም ቀትር ነው።»

ምንይችል ወረቀቱን ወደ ጎን አደረገ። ከዚያ ሐምዳንን ሳይጠብቅ፣ ጎንበስ ብሎ ዓይኗን እያየ ራሱ ጠየቃት። «ነዕማ። ሀዲል ...» ብሎ ወደ ብርድ ልብሱ ጠቆመ። «ሱብሒ? ዙህር? ዐስር?»

ነዕማ ቃሎቹን ሰማቻቸው። ፊቷ ላይ አንድ ነገር ተፈታ። «ገብል ዱሁር» አለች፤ ድምፁ ጎርናና ነበር። ደግማ ተናገረችው፤ ከዚያ ሌላ ብዙ ቃል ተከተለ፣ በጥድፊያ፣ እያለቀሰች።

ዱሁር ዙህር ነው፤ ያ ገብቶታል። «ገብል ምንድነው?» አለ ምንይችል። «ጋሼ ደባልቄ?»

«እሱን እንጃ። እናቴ ገብል አትልም።»

«ሐጂ፣ ገብል በፊት ነው በኋላ?»

ሐምዳን በመስኮቱ ወደ ውጭ ያያል። በመንገዱ ዳር የቀርከሃው ጫካ በዝናቡ ጎብጦ ያልፋል።

«ሐጂ!»

«ምን ያደርጋል?» አለ ሐምዳን ሳይዞር። «ወረቀት ስምንት ይላል። ወረቀት ማኅተም አለው። እንደዚያ ይሁን።»

ምንይችል ያን ጊዜ ገባው። ቋንቋ አልጠፋቸውም፤ ሰውየው አውቆ ነው። «እንደዚያ ይሁን ካልን ልጅቷ ልትሞት ትችላለች» አለ፣ ድምፁን ሳያነሳ። «ካልሆነም በተቃራኒው ልትሞት ትችላለች። እኔ የትኛው እንደሆነ አላውቅም። እርስዎ ያውቃሉ።»

«አንተ ትጽፋለህ» አለ ሐምዳን። አሁን ዞሯል፤ ዓይኖቹ ቀልተዋል። «ጠዋት ካልኩ፣ አሶሳ ይጠይቃል። እናት ሰባት ሰዓት ሙሉ የት ነበር ይላል። ይህ እናት መጥፎ ነው ይላል። የስደተኛ ካርድ የለውም፣ ባል የለውም፣ ባል በጦርነት ጠፋ። ልጅ ይወስዱበታል። በመጠለያ ሰምቷል፤ እኔም ሰማሁ። እንደዚያ ብሎ ነው የሚፈራ።»

«ማንም አይወስድባትም።»

«አንተ መንግሥት ነህ?»

 ምንይችል ባለፈው ወር የማስተማሪያ ሥዕል ይዞ በስደተኞቹ ድንኳኖች መካከል መዞሩ ትዝ አለው፤ ምድጃው ከመሬት ከፍ ይበል፣ ልጅ የማይደርስበት ይሁን፣ የድስቱ እጀታ ወደ ውስጥ ይዙር። አንዲት ሴት በአስተርጓሚ መለሰችለት፦ ከፍ የምናደርግበት ጭቃ በዝናብ ይወርዳል፣ ከልጅ የምናርቅበት ቤት አንድ ክንድ ነው፣ የቆመ ቤት ስጠንና እንሰማሃለን። ሰው ሁሉ ሳቀ፤ እሱም ሳቀ። ሥዕሉን ግን ለጥፎ ሄደ።

«መንግሥት አይደለሁም» አለ። «እኔ የምጽፈውን ግን ለእሷ አነብላታለሁ። እርስዎ ይተርጉሙላት። ያልወደደችውን ቃል ትንገረኝ።»

ሐምዳን ልጅቷን አየ። ከንፈሯ አመድ መስሏል። እጁን ግንባሯ ላይ አኖረ፤ ወዲያው እንደተቃጠለ ሰው አነሳው፤ የነካው ቅዝቃዜ ነው።

«በፊት» አለ። «ገብል በፊት ነው። ከዙህር በፊት።» ከዚያ በኋላ ቃሉ ያለማቋረጥ ወጣ። «ሱብሒ ሰገደ። ገንፎ አደረገ። ዝናብ ነበር፣ እሳት በር ላይ አደረገ፣ ውስጥ። ልጅ በላስቲክ ላይ ሮጠ፣ ላስቲክ እርጥብ፣ ወደቀ። ጎረቤት አሮጊት መጣ፣ ዘይት አደረገ፣ ዱቄት አደረገ፣ እስኪደርቅ አትንኩ አለ። ልጅ አለቀሰ፣ አለቀሰ። ዙህር ሲሆን ዝም አለ። እናት አልሐምዱሊላህ አለ። ተሻለው አለ። ተኛ አለ።» ልጅቷን አየ። «ሊያበላ ሲቀሰቅስ አልነሳም። ያን ጊዜ ነው ድንኳን የሮጠ። ስንት ሰዓት ተቃጠለ ሲሉት፣ ስምንት አለ፤ በዐረቢ። እስከ አሁን ዙህር አልሰገደም። ያን ነው አሁን የሚያለቅስ።»

 ምንይችል ድንኳኑ ውስጥ የነበረውን ባልደረባውን አሰበ፤ እሱ ቢሆንም እንዲሁ ይጽፍ ነበር። ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ የመጣች እናት ስምንት ስትለው፣ ከግማሽ ሰዓት በፊት ነው ብሎ የማያስብ ማን አለ?

ስልኩን አወጣ። መስመር የለም። «ሆሞሻ ስንት ይቀረናል?»

«መንገዱ እንዲህ ከሆነ አርባ ደቂቃ» አለ ደባልቄ። «ከዚያ በፊት ኔትወርክ አታገኝም።»

ዘጠኝ ሰዓት ከአርባ አምስት። አርባ ደቂቃ ቢጠብቅ ዶክተሯ ታዝዛለች፣ ኃላፊነቱም የሷ ይሆናል። ባይጠብቅ፣ የታተመበት ወረቀት ሌላ ይላል፤ በእጁ ያለው አንዲት እናት በሁለት ቋንቋ የተናገረችው፣ ለመዋሸት አንድ አፍታ የሞከረ ሰው የተረጎመው ቃል ነው። ሐምዳን አሁን እውነቱን ይሁን የተናገረው? የልጅቷን ጥፍር ደግሞ ተጫነ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት፣ አምስት፣ ስድስት። ስድስት ላይ ተመለሰ። ጥፍሯ የማንም ትርጉም አያስፈልገውም።

ጓንቱን ቀየረ። ሃምሳ ሚሊ የሚይዘውን ትልቁን ሲሪንጅ ከማሸጊያው አወጣ። ነዕማ ሲሪንጁን አየችው። እሱም እንዳየች አየ፤ አልደበቀውም።

«ሐጂ፣ ሳይቀንሱ ይንገሯት» አለ። «ጠዋት ነው ያለችው እውነት ከሆነ ልጅቷ ውሃ አልቆባታል፤ አሁን በፍጥነት ካላገኘች ትሄዳለች። እውነት ካልሆነ ግን ይኸው የምሰጣት ውሃ ያንቃታል። አጣርተው ይንገሯት።»

ሐምዳን ነገራት። ረጅም ነበር፤ ምንይችል «ሞያ» የሚለውን ቃል ሁለት ጊዜ ሰማ። ነዕማ እንባዋን በቶቧ ጫፍ ጠረገች። አሁን አላለቀሰችም። ምንይችልን ቀጥ ብላ እያየች በአንድ ጣቷ ወደ ጣሪያው፣ ወደ ሰማዩ ጠቁማ ሦስት ቃል ተናገረች፣ በመጨረሻም «ሱብሒ» አለች፣ ጣቷንም ከዚያ ገፋ አድርጋ ከቀትሩ በፊት አቆመች፤ ከንጋቱ ጸሎት ወዲህ፣ ከቀትሩ ግን ገና ሩቅ።

ደባልቄ ፍሬኑን በቀስታ እየያዘ መኪናውን ወደ ዳር አወጣና አቆመ። ማንም አላዘዘውም። «በዚህ መንገድ እየዘለልክ አትወጋም» አለ፤ «ወስን ግን፣ የኔ ወንድም። ቶሎ ወስን።»

ምንይችል የሪፈር ወረቀቱን አነሳ፣ በስምንቱ ላይ አንድ መስመር አሰመረበት፣ ከጎኑም ጽፎ ፈረመ። ከዚያ ሦስቱም እንዲሰሙት፣ አንዱ ባይገባው ሌላው እንዲተረጉምለት፣ ቀስ ብሎ ተናገረ።

«ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ብዬ ነው የምቆጥረው። ዶክተሯን አልጠብቅም። ለመጀመሪያ ለኪሎዋ ሃያ ሃያ፣ ሁለት መቶ አርባ ሚሊ በሲሪንጅ እገፋለሁ፤ በየሃምሳው ቆሜ ደረቷን አዳምጣለሁ፤ ጥፋት ከሆነ የእኔ ነው፣ የእናቷ አይደለም። አሁን እጀምራለሁ።»